በየቀኑ የሚታሰር ውድ የጠላቂ ሰዓት፦ የትኛውን እንምረጥ?

ውድ የጠላቂ ሰዓት፣ ባሕር ውስጥ ለሚጠልቅ ሰው ተብሎ የተሠራውን ማለቴ ነው፣ ልትገዙ ስትገቡ መጀመሪያ የሚነገራችሁ ጥልቀት ነው። ይሄ 200 ሜትር፣ ያኛው 300 ሜትር፣ እዚያ ማዶ ያለው 600 ሜትር። ቁጥሩ ከፍ ባለ መጠን ሰዓቱ የተሻለ ይመስለናል፣ ዓይናችንም እዚያው ይቀራል። ለመዝናኛ የሚጠልቅ ሰው ግን ወሰኑ 40 ሜትር ነው። የአብዛኞቻችን ሰዓት የሚያገኘው ውሃ ደግሞ እጅ ስንታጠብ፣ ዝናብ ሲመታንና አልፎ አልፎ ገንዳ ስንገባ ነው። ለዚያ 100 ሜትርም ይበቃል።

ስለዚህ ጥልቀቱን ለጊዜው ተዉት። በየቀኑ የሚታሰር ሰዓት በሌላ ነገር ነው የሚመዘነው። ሸሚዝ እጅጌ ስር ይገባል ወይ? እጃችሁ በሙቀት ሲያብጥ ማሰሪያው ይላላላችኋል ወይ? ሌሊት ስትነቁ ሳትቸገሩ ይነበባል ወይ? እነዚህን ያሟላ ሰዓት ከእጃችሁ አይወርድም። ያላሟላው፣ የቱንም ያህል ውድ ይሁን፣ መሳቢያ ውስጥ ይከርማል። ይህን ያህል ገንዘብ ወጥቶበት መሳቢያ ውስጥ የሚከርም ሰዓት ሳይ ከልቤ አዝናለሁ።

መጀመሪያ ነገሩ ከየት መጣ

ዘመናዊው የጠላቂ ሰዓት በአብዛኛው በፈረንጆች አቆጣጠር የ1953 ልጅ ነው፤ ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶችም እንደዚያው ናቸው። በዚያ ዓመት የስዊዝ ሰዓት ሠሪው ብላንፓን ፊፍቲ ፋተምስ የተባለውን ሰዓት አወጣ፣ ሮሌክስም ሰብማሪነርን ሠራ። የብላንፓን ኃላፊ የነበሩት ዣን ዣክ ፊሽተር ራሳቸው ጠላቂ ነበሩ። ደቡብ ፈረንሳይ ባሕር ውስጥ እያሉ ጊዜው ሳይታወቃቸው አልፎ አየራቸው ሊያልቅ ደርሶ ነበር። ከዚያ በኋላ ነው ጠላቂ የቆየበትን ደቂቃ በአንድ እይታ የሚያነብበት ሰዓት እንዲሠራ የገፉት። በዚያው ዘመን የፈረንሳይ ባሕር ኃይል ጠላቂ ወታደሮችን ያደራጁት ቦብ ማሉቢዬና ክሎድ ሪፎ ደግሞ ለሰዎቻቸው የሚሆን ሰዓት እየፈለጉ ነበርና ተገናኙ። ፊፍቲ ፋተምስ የሚለው ስም የመጣው ከጥልቀት መለኪያ ነው፤ 50 ፋተም ማለት 91 ሜትር ከምናምን ነው፣ ያኔ ጠላቂ ሊደርስበት ይችላል ተብሎ የሚታሰበው ወሰን።

በሰዓቱ ዙሪያ የሚዞረውን ቀለበት፣ ቤዝል የሚሉትን፣ ሰዎች ጌጥ አድርገው ያዩታል። ጌጥ አይደለም። ቀለበቱ ላይ ያለችውን ሦስት ማዕዘን ደቂቃ ቆጣሪው ላይ ታደርጋላችሁ፣ ከዚያ በኋላ ስንት ደቂቃ እንዳለፈ ከቀለበቱ ላይ ታነባላችሁ፣ በቃ። ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ የሚዞረውም በምክንያት ነው። ጠላቂው ሳያውቅ ድንጋይ ቢነካውና ቀለበቱ ቢዞር፣ ብዙ ደቂቃ እንዳለፈ ያሳያል እንጂ ጥቂት ደቂቃ እንዳለፈ አያሳይም። ሰውየው ቀድሞ ይወጣል፣ ነፍሱ ትተርፋለች። በየቀኑ ኑሮ ደግሞ ምድጃ ላይ የጣድኩትን፣ መኪና ያቆምኩበትን፣ ስብሰባ የጀመረበትን እቆጥርበታለሁ። ስልኬን አውጥቼ፣ ከፍቼ፣ መልእክት አይቼ፣ ለምን እንዳወጣሁት ከምረሳ አንዴ ቀጭ ቀጭ አድርጌ እጨርሳለሁ።

አይኤስኦ 6425 የሚባል ዓለም አቀፍ መስፈርትም አለ። «ዳይቨርስ» ተብሎ የሚጻፍበት ሰዓት ቢያንስ 100 ሜትር መቋቋም፣ በጨለማ ከ25 ሴንቲ ሜትር ርቀት መነበብ፣ የጨው ውሃንም ማግኔትንም መቻል አለበት፤ የሚፈተነውም ከተጻፈለት ጥልቀት በ25 በመቶ በሚበልጥ ግፊት ነው። ለዚህ ነው እነዚህ ሰዓቶች ለየቀኑ የሚሆኑት። ለአደጋ ተብሎ የተሠራ ነገር ለተራ ቀን ይተርፋል።

እጅ ላይ ሲቀመጥ

ሰው ሁሉ የሚጠይቀው ስፋቱን ነው፤ 39 ነው፣ 41 ነው፣ 42 ነው እያለ። ስፋቱ ግን ግማሹን ታሪክ ብቻ ነው የሚነግራችሁ። ማሰሪያው የሚገባባቸው ከላይና ከታች ያሉት ቀንዶች፣ ከጫፍ እስከ ጫፍ ስንት ናቸው? ማስመሪያ አንሱና አንጓችሁ ላይ አጋድሙት። ጠፍጣፋው ክፍል ስንት ሚሊ ሜትር ነው? የሰዓቱ ቀንዶች ከዚያ ካለፉ ሰዓቱ እጃችሁ ላይ ተንጠልጥሎ ይታያል፣ በየበሩ እጀታም ይጋጫል። ብዙዎቹ ጥሩ ጠላቂ ሰዓቶች ከ47 እስከ 50 ሚሊ ሜትር ባለው ውስጥ ናቸው። ቀጭን አንጓ ላለው ሰው በዚህ መሀል ያለችው ሁለት ሦስት ሚሊ ሜትር ትልቅ ለውጥ ታመጣለች።

ቀጥሎ ውፍረት። ይህ ነው ብዙ ሰው የሚጸጸትበት። በእኔ ልምድ ከ12 ሚሊ ሜትር በታች የሆነ ሰዓት የተቆለፈ ሸሚዝ ስር ሸተት ብሎ ይገባል። 13 ሲሆን ትንሽ ታስባላችሁ። ከ14 ሲያልፍ እጅጌው ሰዓቱ ላይ ተሰብስቦ ይቀርና ቀኑን ሙሉ ስትጎትቱት ትውላላችሁ። ቲሸርት ብቻ የምትለብሱ ከሆነ ግን ይህን አንቀጽ ዝለሉት።

አሁን ወደ ማሰሪያው መቆለፊያ ልምጣ፣ ምክንያቱም እኔ አንድን ሰዓት ከሌላው የምለይበት ዋናው ነገር እሱ ነው። የሰው አንጓ ቀኑን ሙሉ አንድ ዓይነት አይደለም። ጠዋት ሲቀዘቅዝ ሰዓቱ ልቅ ብሎ ወደ እጅ ጀርባ ይንሸራተታል። ከሰዓት ፀሐይ ሲበረታ ያው ሰዓት ቆዳችሁ ላይ የሰንሰለቱን ቅርጽ ያትማል። ያን ጊዜ መቆለፊያው ያለ መሣሪያ፣ እዚያው እጃችሁ ላይ እንዳለ፣ ሁለት ሦስት ሚሊ ሜትር የሚላላ ከሆነ ሕይወት ቀለለ ማለት ነው። ካልሆነ ሰዓቱን አውልቃችሁ ጠረጴዛ ላይ ታስቀምጣላችሁ። አውልቆ ማስቀመጥ የሚጀምረው እንዲህ ነው፣ መርሳትም እዚያው ይከተላል።

ሮሌክስ ሰብማሪነር

ከስሙ ጀርባ ያለውን ጫጫታ ትቼ ስለ ሰዓቱ ብቻ ላውራ። አሁን ያለው በ2020 የወጣው ነው። ስፋቱ 41 ሚሊ ሜትር፣ ውፍረቱ 12 ሚሊ ሜትር ተኩል ገደማ፣ 300 ሜትር ይቋቋማል፣ አንዴ ከሞላ 70 ሰዓት ያህል ይሄዳል። ሮሌክስ በቀን ከ2 ሰከንድ በላይ አይቀድምም፣ ከ2 ሰከንድ በላይም አይዘገይም ብሎ ቃል ይገባል። ማሽኑ አስተማማኝ ነው።

እኔን የያዘኝ ግን ግላይድሎክ የሚሉት መቆለፊያው ነው። መቆለፊያውን ትከፍቱታላችሁ፣ በውስጥ በኩል ሰንሰለቱን በጥፍር ቀና አድርጋችሁ ወደፊት ወይም ወደኋላ በ2 ሚሊ ሜትር ደረጃ ታንሸራትቱታላችሁ። ጠቅላላው 20 ሚሊ ሜትር ይደርሳል። የተሠራው ከጠላቂ ልብስ በላይ እንዲታሰር ነው፣ ለእኛ ግን የሙቀትና የብርድ መፍትሔ ሆነ። በዚህ በኩል የሚወዳደረው ጥቂት ነው።

ጉድለቱስ? የመጀመሪያው፣ እንደ ልብ አይገኝም። ሕጋዊ ሻጮቹ ጋ ስም አስመዝግቦ መጠበቅ የተለመደ ነው፣ ሳይጠብቅ ከሌላ ነጋዴ የሚገዛ ደግሞ ብዙ ጊዜ ከመደበኛው ዋጋ በላይ ይከፍላል። ሁለተኛው፣ ሰው ያውቀዋል። ከሩቅ ያውቀዋል። ዕቃችሁ እንዲታወቅ የማትፈልጉ ከሆነ፣ ወይም ማታ ማታ በእግር የምትሄዱ ከሆነ ይህን በደንብ አስቡበት። ትርፍ ለማግኘት ብላችሁ ግን አትግዙት። ዋጋውን በመጠበቅ ስመ ጥር መሆኑ እውነት ነው፣ ሆኖም እንዳይጫጫር እየፈሩ የሚያስሩት ሰዓት የየቀኑ ሰዓት መሆኑ ይቀራል።

ባለ ቀኑና ቀን የሌለው አለ። ባለ ቀኑ መስታወቱ ላይ የምታጎላ እብጠት አለችበት። እኔ ቀን የሌለውን እመርጣለሁ፦ ፊቱ ንጹሕ ነው፣ ቆሞ ስታገኙትም ቀን ማስተካከል የለባችሁም።

ኦሜጋ ሲማስተር ዳይቨር 300 ኤም

በ1993 የተጀመረ ነው፣ በ2018 በደንብ ታደሰ። 42 ሚሊ ሜትር ነው። ፊቱ ሴራሚክ ሆኖ ማዕበሎቹ በሌዘር ተቀርጸውበታል። ብርሃን በጎን ሲያርፍበት ማዕበሉ ብቅ ይላል፣ በጥላ ሲሆን ይጠፋል። መስኮት አጠገብ ተቀምጣችሁ እጃችሁን ቀስ ብላችሁ ብታዞሩት ታዩታላችሁ፤ እኔ ይህን እያየሁ ብዙ ደቂቃ አሳልፌአለሁ። ጨለማ ውስጥ ደግሞ ሌላ ብልሃት አለው። ደቂቃ ቆጣሪውና ቤዝሉ ላይ ያለችው ነጥብ አረንጓዴ ሲያበሩ የቀረው ሰማያዊ ያበራል። ጠላቂ የሚያስፈልጉት ሁለቱ ነገሮች ከሌላው ተለይተው እንዲታዩት ነው። ሌሊት በእንቅልፍ ዓይንም ግራ አትጋቡም።

ማሽኑን በተመለከተ ኦሜጋ አሳምኖኛል። ሜታስ በተባለው የስዊዝ ተቋም ይፈተናል፤ በቀን ከ0 እስከ 5 ሰከንድ ብቻ ይቀድማል፣ አይዘገይም፣ ጋውስ በሚባለው የማግኔት መለኪያ እስከ 15,000 ድረስም ይችላል። ይህ የወረቀት ቁጥር አይደለም። ስልካችን፣ ላፕቶፓችን፣ የጆሮ ማዳመጫችን ማስቀመጫ፣ የቦርሳችን መዝጊያ ሁሉ ማግኔት አለው። ተራ ሜካኒካል ሰዓት ማግኔት ሲይዘው ብዙ ጊዜ በቀን ብዙ ደቂቃ መቅደም ይጀምራል፣ ባለቤቱም ተበላሸ ብሎ ይደነግጣል። ሰዓት ሠሪ ጋ ቢወሰድ በትንሽ መሣሪያ በሰከንዶች ይለቃል፣ ግን መመላለሱ አለ። ቀኑን ሙሉ ኮምፒውተር ላይ ለሚውል ሰው ኦሜጋ ይህን ሐሳብ ከራሱ ያወርድለታል።

የማልወድለት ውፍረቱን ነው። 13 ሚሊ ሜትር ተኩል ያልፋል። መቆለፊያው ያለ መሣሪያ ይላላል፣ ይጠብቃል፣ ግን ረዥም ነው፣ ቀጭን አንጓ ስር ጠፍጣፋ አይተኛም። ቤዝሉም ጥርሶቹ ለስላሳ ስለሆኑ በእርጥብ እጅ ያንሸራትታል። 10 ቁጥር አጠገብ ያለችው ተጨማሪ ጉብታ ሂሊየም የሚባለውን ጋዝ ማስወጫ ናት። በግፊት ክፍል ውስጥ ለቀናት ለሚኖሩ ሙያተኛ ጠላቂዎች እንጂ ለእኛ ሥራ የላትም። አንዳንዱ ቅርጹን ሰበረችው ይላል፤ እኔ ለምጃታለሁ። ሌላ ልብ የምትሉት፣ አንዴ ሞልቶ 55 ሰዓት ነው የሚሄደው። ዓርብ ማታ አውልቃችሁ ሰኞ ጠዋት ብታነሡት ቆሞ ታገኙታላችሁ። 70 ሰዓት የሚሄደው ግን ሰኞ ጠዋትም እየሄደ ይጠብቃችኋል።

በዋጋ ከሰብማሪነር ዝቅ ይላል፣ ገብቶ መግዛትም ይቻላል። ያገለገለ ከገዛችሁ ደግሞ የመጀመሪያው ባለቤት ብዙውን የዋጋ መውረድ ከፍሎላችኋል።

ቱዶር፦ ሁለቱን አታምታቱ

ቱዶር የሮሌክስ መሥራች ሃንስ ቪልስዶርፍ ያቋቋሙት ሁለተኛው ቤት ነው። የፈረንሳይ ባሕር ኃይል ጠላቂዎች ለብዙ ዓመታት አስረውታል። እዚህ የሚያወዛግቡት ሁለት ሰዓቶች ናቸው፤ ብላክ ቤይ 58 እና ፔላጎስ 39። ሁለቱም 39 ሚሊ ሜትር፣ ሁለቱም 200 ሜትር፣ ሁለቱም ከ12 ሚሊ ሜትር በታች። በወረቀት ላይ መንታ ናቸው። እጅ ላይ ግን ፈጽሞ አይመሳሰሉም።

ብላክ ቤይ 58 በ2018 የወጣ ነው። ስሙ የ1958ን ያስታውሳል፤ የቱዶር የመጀመሪያው 200 ሜትር የሚቋቋም ሰዓት የዚያ ዓመት ነበር። ብረት ነው፣ ይከብዳል፣ ያብረቀርቃል፣ አሮጌ ፎቶ ላይ ያለ ዕቃ ይመስላል። ቤዝሉ አሉሚኒየም ስለሆነ ከጊዜ ጋር ይደበዝዛል፣ ይጫጫራል። ይህን የሚጠሉ አሉ። እኔ እወደዋለሁ፤ አሥር ዓመት አብሮኝ የኖረ ሰዓት አሥር ዓመቱን ቢያሳይ ደስ ይለኛል፣ ተበላሸ ካልኩም ቅያሬው ከሴራሚክ ይረክሳል። የጨርቅ ማሰሪያም አለው፤ ሴንት ኤቲየን በምትባል የፈረንሳይ ከተማ ጁሊየን ፎር የተባለው ቤት የሚሸምነው ነው፣ ከሌሎች የጨርቅ ማሰሪያዎች ጋር ስታስተያዩት ልዩነቱን ጣታችሁ ያውቀዋል። የ2018ቱ ትልቅ ችግር መቆለፊያው ነው፦ ለማላላት ሹል ነገር ፈልጋችሁ ቀዳዳ መቀየር አለባችሁ። በኋላ ከወጡት አንዳንዶቹ፣ ለምሳሌ የ2025ቱ ቡርጋንዲ፣ ቲ-ፊት የሚሉትን መቆለፊያ ይዘው መጥተዋል። እሱ በጣት በአምስት ደረጃ ይንሸራተታል፣ ጠቅላላው 8 ሚሊ ሜትር ነው። ብላክ ቤይ ስትገዙ መጀመሪያ የምትጠይቁት ጥያቄ ይህ ይሁን፦ ቲ-ፊት አለው?

ፔላጎስ 39 በ2022 መጣ። ቲታኒየም ነው፣ ቲ-ፊትም ከመጀመሪያው አለው። ቲታኒየም በተመሳሳይ መጠን ከብረት ወደ 40 በመቶ ይቀላል። መጀመሪያ ስታነሡት ሰውነታችሁ አያምንም፣ «ባዶ ነው እንዴ?» ያሰኛል። ከሳምንት በኋላ ግን ማሰራችሁን ትረሳላችሁ፣ ከዚያ ወደ ከባድ ብረት መመለስ ያስቸግራል። ኒኬል ቆዳቸውን ለሚያሳክካቸው ሰዎችም መድኃኒት ነው። ቀለሙ ጠቆር ያለ ግራጫ ነው፣ አያብለጨልጭም። ቲታኒየሙ ቶሎ ይጫጫራል፣ ጭረቱ ግን ከቀለሙ ጋር ተደባልቆ እንደ ብረት ጭረት አይጮህም። ቤዝሉ ሴራሚክ ነው።

እጅጌ ስር ለሚያስር፣ በቀን ብዙ ለሚጽፍ፣ ክብደት ለማይወድ ሰው እኔ ያለ ማመንታት ፔላጎስ 39 እላለሁ። ሞቅ ያለ፣ ሱፍም ላይ ጂንስም ላይ የሚሄድ ለሚፈልግ ብላክ ቤይ 58፣ ባለ ቲ-ፊቱ። በገንዘብም ከሮሌክስ እጅግ ዝቅ ይላሉ፣ ከኦሜጋም ያንሳሉ። ማሽናቸው ደግሞ የሚያሳፍር አይደለም።

ብላንፓንና ኦሪስ፣ ከላይና ከታች

ፊፍቲ ፋተምስ ከሁሉም በላይ ውዱ ነው። ማሽኑ ሦስት የጉልበት ማጠራቀሚያ አለው፣ 5 ቀን ይሄዳል። ቤዝሉ በሰንፔር መስታወት ተሸፍኗል፣ ጠጋ ብላችሁ ስታዩት ቁጥሮቹ ውሃ ውስጥ ያሉ ይመስላሉ። ለረዥም ጊዜ ዋናው መጠን 45 ሚሊ ሜትር ስለነበረ ለብዙ ሰው እጅ ትልቅ ነበር። አሁን 42 ሚሊ ሜትር የሆነ በቲታኒየምና በቀይ ወርቅ አለ፣ ግን ውፍረቱ አሁንም ከ14 ያልፋል። ታሪኩን እወደዋለሁ፣ አሠራሩን አከብረዋለሁ፣ ለየቀኑ ግን አልመክረውም። ሌላ ሰዓት ላለው ሰው ነው።

ኦሪስ አኩዊስ በሌላው ጫፍ ነው። ካሊበር 400 የተባለውን ማሽን የያዘው 5 ቀን ይሄዳል፣ የ10 ዓመት ዋስትናም ይሰጠዋል፣ ኩባንያው ሰርቪስ በ10 ዓመት አንዴ ይበቃዋል ይላል። ለሚከፈልበት ገንዘብ ይህ ብዙ ነው። አንድ ነገር ግን አስተውሉ፦ ማሰሪያው የሚገባበት ቦታ የራሱ ልዩ ቅርጽ ስላለው ከሌላ ቤት የተገዛ ተራ ማሰሪያ አይገባለትም። ማሰሪያ መቀያየር ለሚወድ ሰው ይህ ያናድዳል።

ሁሉም ላይ የሚሠራ ምክር

የጠላቂ ሰዓት ውሃ አያስገባም ማለት ምንም ብታደርጉት አያስገባም ማለት አይደለም። ይህን የተማርኩት በራሴ ሰዓት ነው። አንድ ጠዋት ሰዓቱን ሳስተካክል መሙያውን፣ ክራውን የሚሉትን፣ ጠምዝዤ ሳልዘጋ ወጣሁ። ውሃ ውስጥ እንኳን አልገባሁም፣ ዕቃ ነው ያጠብኩት። ከሰዓት በኋላ መስታወቱ ስር፣ 4 ቁጥር አካባቢ፣ የጥፍር ስፋት ያለው ጉም አየሁ። እጄ ሲሞቅ ይሰፋል፣ ሲቀዘቅዝ ወደ ጠብታነት ይለወጣል። በዚያው ቀን ሰዓት ሠሪ ጋ ወስጄ ተከፍቶ ባይደርቅ ኖሮ ማሽኑ ይዝግ ነበር። ከዚያ ወዲህ ከቤት ስወጣ በአውራ ጣቴ መሙያውን እነካለሁ፣ ቁልፍ ኪሴ ውስጥ መኖሩን እንደማረጋግጠው።

ውሃ የሚከለክሉት ስስ የጎማ ቀለበቶች ናቸው፣ ጎማ ደግሞ ያረጃል። ሙቅ ሻወር፣ ሳውናና ሳሙና ያስረጁታል። በሰዓቱ የምትዋኙ ከሆነ በዓመት አንዴ በግፊት አስፈትሹት፣ ሥራው የደቂቃዎች ነው። ባሕር ከገባችሁ በኋላ በንጹሕ ውሃ አለቅልቁት፣ አለበለዚያ ጨው ቤዝሉ ስር ገብቶ ይደርቅና መዞር ያስቸግረዋል።

ባለ ቀን ሰዓት ከያዛችሁ እኩለ ሌሊት ግራና ቀኝ ባሉት ጥቂት ሰዓታት ቀኑን በፍጥነት ማስተካከያው አትቀይሩ። ማርሾቹ በዚያ ጊዜ ራሳቸው ቀኑን ሊቀይሩ ተያይዘው ይሆናል፣ ብዙ ማሽኖች ላይ ጥርስ ይሰብራል። ሰዓቱን ወደ ሌላ የቀን ክፍል አዙራችሁ ከዚያ ቀይሩ።

ሴራሚክ ወይስ አሉሚኒየም ለሚለው፦ ሴራሚክ አይጫጫርም፣ ፀሐይም አያደበዝዘውም፣ ነገር ግን ድንጋይ ወለል ላይ ቢወድቅ ሊሰነጠቅ ይችላል፣ ቅያሬውም ውድ ነው። መስታወቱ ግን አያሳስባችሁ። በሁሉም ላይ ሰንፔር ነው፣ በተለመደው ኑሮ የሚጭረው ነገር አታገኙም ማለት ይቻላል። መጀመሪያ የሚጫጫረው መቆለፊያው ነው፣ ጠረጴዛ ላይ ስለምታሳርፉት። የመጀመሪያው ጭረት ያማል። ከዚያ በኋላ ሰዓቱ የእናንተ ይሆናል።

ከግዢው ዋጋ ሌላ የሰርቪሱን ወጪ አብራችሁ አስቡ። ሜካኒካል ሰዓት ከ5 እስከ 10 ዓመት ባለው ጊዜ ውስጥ ተፈቶ፣ ታጥቦ፣ ዘይት መቀየር አለበት፣ የውድ ሰዓት ሰርቪስ ደግሞ ርካሽ አይደለም። ያን መክፈል የሚከብዳችሁ ከሆነ አንድ ደረጃ ዝቅ ያለ ሰዓት ገዝታችሁ በደንብ ብትይዙት ይሻላል።

ያገለገለ ስትገዙ ወረቀቱና ሳጥኑ መኖሩ ጥሩ ነው፣ ግን ወረቀትም ሳጥንም ተመሳስሎ ይሠራል። በተለይ ሰብማሪነር በብዛት ተመሳስሎ ከሚሠራባቸው ሰዓቶች አንዱ ነው። ከክፍያ በፊት ገለልተኛ ሰዓት ሠሪ ጀርባውን ከፍቶ ማሽኑን ይይላችሁ። ሻጩ ይህን እምቢ ካለ መልሱን አግኝታችኋል፣ ውጡ።

ልትሞክሩም ስትሄዱ ከሰዓት በኋላ ሂዱ፣ እጃችሁ ሞቆ አብጦ ሳለ። አዘውትራችሁ የምትለብሱትን ሸሚዝ ልበሱ። ሁለት ሰዓት ብቻ ምረጡ፣ እያንዳንዱን 20 ደቂቃ እጃችሁ ላይ አቆዩት። ጻፉበት፣ ኪሳችሁ ውስጥ እጃችሁን ከትቱበት፣ ስልክ አንሡበት። ከዚያ ሁለቱንም አውልቃችሁ ውጡና አንድ ሳምንት ቆዩ። በሳምንቱ ሰዓት ለማየት እጃችሁን ስታነሡ ባዶ አንጓችሁ ላይ የሚታያችሁን ገዝታችሁ ኑ።